ለእንግዳ ዓይን የሚሰበሰቡ ልጆች

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቢቸና መናኸሪያ ወርዳችሁ አንዱን የባጃጅ ሾፌር «ወላጅ አልባ ሕፃናት ወዳሉበት ውሰደን» ብትሉት ወዴት የሚወስዳችሁ ይመስላችኋል? መጀመሪያ ግር ይለዋል። ቀጥሎ «የማንን ልጅ ነው የምትፈልጉት?» ይላችኋል። አጠያየቁ ልክ ነው። በቢቸናም ሆነ በሞጣ አባቱ የሞተበት ልጅ ስም አለው፣ ሰፈር አለው፣ ወገን አለው። አንዱ አያቱ ዘንድ ነው። አንዷን አክስቷ ወስዳታለች። አንዱን እናቱ ጠላ እየጠመቀች ታሳድገዋለች። አንዱ ደግሞ ማንም ሳያስጠጋው በገበያ ቀን ዕቃ እየተሸከመ በረንዳ የሚያድር ይሆናል፤ እሱንም ቢሆን ሾፌሩ በስሙ ጠርቶ ነው የሚያሳያችሁ።

ለእናንተ ግን ይሄ አይመችም። ያላችሁ ጊዜ ግማሽ ቀን ነው። ከቤት ቤት እየዞራችሁ፣ በየደጁ ቡና እየጠጣችሁ ልትጠይቁ አትችሉም። እንዲመቻችሁ ከተፈለገ አንድ ሰው ቀድሞ ልጆቹን ከየአያቱና ከየአክስቱ ቤት ለቅሞ፣ አንድ ግቢ አስገብቶ፣ በሩ ላይ ታፔላ መስቀል አለበት። ከዚያ በኋላ ነው «ወላጅ አልባ ሕፃናት» የሚባል የሚጎበኝ ነገር የሚኖረው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰብሳቢ ነው። ሰብሳቢውን የሚወልደው ግን ጎብኚው ስለሆነ ከጎብኚው ልጀምር።

ፈረንጆቹ በጎ ፈቃድንና ሽርሽርን አዳብለው የሚሸጡበት ንግድ ካቋቋሙ ቆይተዋል። ገና ዩኒቨርሲቲ ያልገባች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከለንደን ወይም ከሲድኒ ለአንድ ድርጅት ትከፍላለች፤ ድርጅቱም አንድ ድሃ አገር ባለ የሕፃናት ማሳደጊያ ሁለት ሦስት ሳምንት «እንድታገለግል» ያመቻችላታል። ጠዋት እንግሊዝኛ ታስተምራለች፣ ከሰዓት ሕፃናት ታቅፋለች፣ ቅዳሜና እሁድ አንበሳ ወይም ፏፏቴ ታያለች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። እንዲያውም ከእኩዮቿ የተሻለ ልብ ያላት ናት። በገዛ አገሯ ግን አንድ መዋዕለ ሕፃናት ዘው ብላ ገብታ «ልጆቻችሁን ላቅፍ» ብትል ፖሊስ ነው የሚጠራባት። ከወንጀል ነፃ ስለመሆኗ ወረቀት አምጪ ትባላለች፤ ሙያዋ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደላካት ትጠየቃለች። ድሃ አገር ስትሄድ ግን ብዙ ጊዜ የምትጠየቀው ክፍያውን ብቻ ነው።

ፈረንጁን ብቻ ቦጭቄ ብተው ደግሞ ሐሜት ይሆንብኛል። እኛም የራሳችን ዓይነት አለን። ልደቱን «ከወላጅ አልባ ሕፃናት ጋር» የሚያከብር ዘፋኝ አለ። ቬሎና ሱፍ እንደለበሱ ማሳደጊያ የሚገቡ ሙሽሮች አሉ። አሥር ኩንታል ዱቄት ለማስረከብ ሦስት ካሜራ የሚያስከትል ኩባንያ አለ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከዋሽንግተንና ከዳላስ ብቅ የሚለው ዘመዳችንም አሜሪካ የተወለዱትን ልጆቹን ይዞ ይሄዳል። «ያላቸውን እንዲያመሰግኑ ብዬ ነው» ይላል። ነገሩን እስቲ ገልብጣችሁ እዩት፦ የአንዱ ልጅ እናት ማጣት ለሌላው ልጅ የምስጋና ማስተማሪያ ሆነች ማለት እኮ ነው። ቪዲዮው ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፤ ልጁ ፊቱ ሳይሸፈን፣ ስሙ ሳይደበቅ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሥራ ሊቀጠር ሲሄድ ያ ቪዲዮ እዚያው ይጠብቀዋል።

ያንን ልደት ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ልጆቹ በመስመር ይደረደራሉ። ኬኩ ላይ የማያውቁት ሰው ስም ተጽፏል። «መልካም ልደት» ይዘምራሉ፤ ከመካከላቸው የራሱን የልደት ቀን የሚያውቀው ስንቱ እንደሆነ እንጃ። ጎብኚው እንባ ይተናነቀዋል፣ አንድ ሁለቱን ያቅፋል፣ ይሄዳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሰው፣ ሌላ ኬክ። አንድ ማሳደጊያ ውስጥ ያየኋት ትልቅ ልጅ እንግዳ ሲገባ ትንንሾቹን ከፊት፣ ረጃጅሞቹን ከኋላ አድርጋ በዓይኗ ብቻ ታሰልፋቸው ነበር። ማንም አላዘዛትም። ሥራዋ ሆኗል።

የጎብኚው ልብ የሚሰበረው ልጆቹ ሮጠው እግሩ ላይ ሲጠመጠሙ ነው። «ፍቅር የተራቡ ናቸው» እያለ ይመለሳል፤ መራባቸውስ እውነት ነው። ሊንዳ ሪችተርና ኤሚ ኖርማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ በኤድስ ምክንያት ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ለአጭር ጊዜ ሄደው ስለሚንከባከቡ በጎ ፈቃደኞች አንስተው ነበር። ያሳሰባቸው ይኸው መጠምጠም ነው። ያገኘውን ሁሉ ሳይለይ የሚያቅፍ ሕፃን አሳዳጊ እየተለዋወጠበት የተጎዳ ሕፃን ነው። ደጉ እንግዳ ሁለት ሳምንት አቅፎት፣ ዘፍኖለት፣ አስለምዶት ሲሄድ ልጁ አንድ ጊዜ ያየውን መለየት ደግሞ ያየዋል። ሦስተኛውና አራተኛው እንግዳም ሲሄድ እንዲሁ።

ለዚህ የግድ ጥናት ማገላበጥም አያስፈልግም። ቢቸና ያለ የአራት ዓመት ልጅ ፀጉረ ልውጥ ሰው ሲያይ ምን ያደርጋል? እናቱ ቀሚስ ኋላ ይደበቃል። በአንድ ዓይኑ አጮልቆ ያያችኋል። «ና ሳም፣ አጎትህ ነው» ቢባልም አንገቱን ይቀብራል። እኛ ዓይነ አፋር ነው እንላለን፤ እሱ ግን የሚሸሽበት ቀሚስ ያለው ልጅ ነው።

የቃሉም ነገር አለ። አማርኛ «የሙት ልጅ» ይላል። አባቱ ሊሆን ይችላል፣ እናቱ ልትሆን ትችላለች፣ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሰሚው «ማን ሞቶበት?» ብሎ ይጠይቃል፣ ይነገረዋል። ዩኒሴፍና መሰሎቹ በእንግሊዝኛ «ኦርፋን» ብለው የሚቆጥሩትም ከሁለቱ ወላጆቹ አንዱን ወይም ሁለቱንም ያጣውን ነው። በዚህ አቆጣጠር ለኢትዮጵያ ብዙ ዓመት ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር 4.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ይህ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ወላጅ አልባ» ሆኖ መጣ። አልባ! በአንድ የብዕር ጭረት ጓዳ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ያለች እናት የለችም ተባለች። ቃል ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። ገንዘብ ሰጪው «ወላጅ የሌላቸው» ሲባል የሚታየው አልጋና ጣሪያ፣ አጥርና ጥበቃ ነው። «አባታቸው ሞቶ እናታቸው ያልቻለች» ቢባል ኖሮ ለእናቲቱ ምን ልስጣት ብሎ ያስብ ነበር። ሴቭ ዘ ችልድረን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ማሳደጊያ ውስጥ ካሉ ሕፃናት ከአምስቱ ቢያንስ አራቱ ከወላጆቻቸው አንዱ ወይም ሁለቱም በሕይወት እንዳሉ ጽፏል። ከአምስት አራቱ!

ታዲያ እነዚህ ልጆች እዚያ ማን አስገባቸው? ወደ ሰብሳቢው መጣን። ካምቦዲያ ቱሪስት ይጎርፍባት በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ባለው ጊዜ፣ የማሳደጊያዎቿ ቁጥር 75 በመቶ ጨመረ፤ ካምቦዲያ ግን በእነዚያ ዓመታት ጦርነት አልነበረባትም። በኔፓልም ብዙዎቹ ማሳደጊያዎች የተኮለኮሉት ልጆቹ በተወለዱባቸው ተራራማ መንደሮች ሳይሆን ጎብኚ በሚበዛባቸው ጥቂት አውራጃዎች ነበር። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 የዘመናዊ ባርነት ሕግ ስታወጣ ሕፃናትን ለማሳደጊያ መመልመልን ከዚሁ ጋር አያይዛ ተነጋግራበታለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2019 መጨረሻ ባሳለፈው ውሳኔ የማሳደጊያ በጎ ፈቃደኝነትን ጉዳት በስም ጠርቶ አነሳው።

«እኛ ዘንድ ይህ አልደረሰም» የሚል ካለ የማደጎውን ዘመን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በማደጎ የሄዱት ሕፃናት መቶ አይሞሉም ነበር። በ2005 አንጀሊና ጆሊ ከኢትዮጵያ አንዲት ሕፃን ወሰደች፤ አገራችን በአሜሪካ ጋዜጦች ዘንድ ልጅ የሚገኝባት አገር ሆና ታወቀች። በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ከ2,500 በላይ ሆኑ። በአሥር ዓመት ሃያ አምስት እጥፍ ማለት ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ የሞቱ እናቶች ቁጥር ሃያ አምስት እጥፍ አላደገም! እንዲያውም የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በዚሁ መካከል፣ በ1997 ዓ.ም. ነው። ያደገው ፈላጊው ነው። ፈላጊ ሲበዛ ሰብሳቢ ይበዛል።

ሰብሳቢው እንዴት ይሠራ እንደነበር በአሜሪካ ፍርድ ቤት የተነገረ ጉዳይ አለ። ኢንተርናሽናል አዶፕሽን ጋይድስ የሚባል አስማሚ ድርጅት ኃላፊዎችና ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2014 ተከሰሱ። ከክሱ አንዱ ምን ነበር? የኢትዮጵያ ማሳደጊያዎች «እኛ ያሳደግናቸው» ብለው ፈርመው የሰጧቸው ልጆች እዚያ ማሳደጊያ ውስጥ ኖረው አያውቁም የሚል። ከተከሳሾቹ ጥፋታቸውን ያመኑ አሉ። ልጁ ማሳደጊያውን ሳያይ የማሳደጊያ ልጅ ተብሏል፤ ከእናቱ ቤት ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ አውሮፕላኑ።

ሰብሳቢው የግድ ጨካኝ መሆንም የለበትም። አያቲቱ ደጅ ቁጭ ብሎ «እማማ፣ ልጁን ለትምህርት ይስጡን፤ ይበላል፣ ይማራል፣ ነገ ለእርስዎም ይተርፋል» ቢል ይበቃዋል። ጎጃም ውስጥ ይህ ቃል በር ይከፍታል። ልጅን ለትምህርት አሳልፎ መስጠት እዚያ አገር ነውር ሳይሆን ክብር ነውና። ስንቱ ገበሬ ነው ልጁን ደበሎ አልብሶ፣ አኩፋዳ አሲዞ፣ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ወደ ደብረ ወርቅ የሸኘው? ሐዲስ ዓለማየሁም ከዚያው ከዲማ የቅኔ ጉባኤ ያለፉ ናቸው። አያት «ለትምህርት» ስትባል የሚታያት ያ መንገድ ነው፤ የሚመለስ፣ ሊቅ ሆኖ የሚመለስ ልጅ። የፈረመችበት ወረቀት ግን የማይመልስ መንገድ ነው። በማደጎ ዘመን ልጄ ተምሮ ይመጣል ብለው የጠበቁ ስንት ወላጆች ነበሩ!

መንግሥት ነገሩን ያየው ዘግይቶ ነው። በመጋቢት 2011 (እ.ኤ.አ.) የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይደርስ የነበረውን የማደጎ ፋይል ወደ 5 አወረደው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሃና ዊሊያምስ የተባለች ኢትዮጵያዊት ልጅ አሜሪካ ውስጥ በአሳዳጊዎቿ እጅ ሞተች፤ ሁለቱም በ2013 ተፈረደባቸው። በጥር 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ለውጭ ዜጎች በማደጎ መስጠትን ከናካቴው ከለከለ። ልጁን ይዞ መውጣት ቀረ። ገብቶ ማቀፍ ግን አልቀረም።

ስለማቀፍ ካነሳን ደስ የማይል ነገር መናገሬ ነው። በዚሁ በአማራ ክልል፣ ወሎ ውስጥ ጃሪ የሚባል ቦታ አለ። ቴር ዴ ዞም የተባለው የስዊስ ድርጅት በ1977ቱ ረሃብ ወላጅ ላጡ ልጆች መንደር ያቋቋመበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እዚያ ይሠራ የነበረ ዴቪድ ክሪስቲ የተባለ ብሪታንያዊ ልጆቹን በወሲብ ማጥቃቱ ኋላ ተጋለጠና በ2003 የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ፈረደበት። ሰውየው ቱሪስት አልነበረም፤ ቀጣሪ ነበረው፣ አለቃ ነበረው፣ ድርጅቱም ስም ያለው ነው። ይህ ሁሉ እያለ የሆነው ከሆነ፣ ኬክ የያዘ ሁሉ ዘው በሚልበት ግቢ ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያቅትም። የሚመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው አላልኩም። ከመቶ ደግ ሰው መካከል አንዱን ክፉ የሚለይ ዘበኛ የት ይገኛል ነው የምለው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ታዲያ አበበች ጎበና ምን ማድረግ ነበረባቸው? ልጆቹን መንገድ ላይ ትተው መሄድ?» ቢለኝ እውነት አለው። በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ወሎ የሄዱት አበበች በረሃብ ከሞተች እናቷ ጎን ያገኟትን ሕፃን ይዘው ተመለሱ፤ ሌሎችም ተጨመሩ። ልጆቹን ምርጫ ባደረጉ ጊዜ ትዳራቸው ፈረሰ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ከልጆቹ ጋር ነበሩ፤ አርባ ዓመት ማለት ነው። እሳቸው ልጆቹን ሊያዩ አልሄዱም። ያገኟትም ሕፃን የምትመለስበት ቤት አልነበራትም። እንዲህ ያለ ረሃብ ሲመጣ፣ ሁሉም ወገን አንድ ላይ ሲያልቅ፣ ማሳደጊያ የግድ ይሆናል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአገራችን የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ ነው ያደረገው። የመጨረሻውን የመጀመሪያ የሚያደርገው እንግዲህ የጎብኚው ዓይን ነው።

«እንግዳ አይምጣ፣ ፈረንጅ አይርዳ» እያልኩ ነው ብሎ የሚያኮርፍም አይጠፋም። እሱን ወደ ሞጣ ልውሰደው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው ይባላል፤ በጣሊያን ጊዜ ተሰብሮ ስሙን ያገኘው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው የሚሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ እየተጎተተ ነበር። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው የዚህን ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየና በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባለሙያዎች ይዞ መጣ። ዕቃው በአህያ ጀርባ ወረደ፤ የአካባቢው ሰው አብሮ ሠራ፤ ሰባራው ተጠገነ። በ2005 ዓባይ ሞልቶ ጥገናውን ወሰደው። በ2009 ደግሞ በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ሰውየው ከዚያ የመጀመሪያ ሥራ ተነስቶ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባል ድርጅት አቋቁሟል።

እኔ ይህን ሰውዬ እወደዋለሁ። ሊሠራ የመጣው የሚያውቀውን ነው፤ ግንበኛ ሆኖ ድልድይ ሊሠራ። ከሞጣ ሰው ልብ የፈለገው ነገር አልነበረም፤ ድንጋዩን ውደደኝ አላለውም። ሥራው ሲፈርስ ደግሞ መፍረሱ በዓይን ታየ፣ ተመልሶ ተሠራ። ልጅ ግን ሲፈርስ በክረምት ሙላት አይደለም የሚፈርሰው፤ ማንም ሳያይ ነው፤ በቀጣዩ በጋ ሲሚንቶ ጭኖ መጥቶ የሚጠግነውም የለም። ለድልድይ መሐንዲስ የሚጠይቅ ሰው ለልጅ ደግ ልብ ብቻ ይበቃል ሲል እገረማለሁ።

ትልልቆቻችን የሚያስታውሷቸው የሰላም ጓዶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጡት እነዚያ ወጣቶች ሁለት ዓመት ይቀመጡ ነበር፤ አማርኛ ተምረው፣ በየአውራጃው ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዘው። እነሱም ቢሆኑ እንከን አላጡም፤ ቢያንስ ግን ተማሪው ስማቸውን፣ እነሱም የተማሪውን ስም ያውቁ ነበር። ሁለት ሳምንት ለስም እንኳን አይበቃም።

የቢቸናንና የሞጣን ዘመድ ሁሉ ጻድቅ አድርጌ መሳሌም አይደለም። የአክስት ቤት ሁሉ ቤት አይሆንም። አክስቷ ዘንድ ገብታ ከአክስቷ ልጆች ተለይታ ውኃ የምትቀዳ፣ እነሱ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሷ ምጣድ የምታሰማ ልጅ ሞልታለች። በአሥራ አራት ዓመቷ «ለእሷው ብለን ነው» ተብላ የምትዳር አለች። አዲስ አበባ በሊስትሮነትና በቤት ሠራተኛነት የምናገኛቸው የጎጃም ልጆች ከማሳደጊያ አይደለም የመጡት፤ ከዘመድ ቤት ነው። ቆሎ ተማሪውስ ቢሆን? ውሻ ይነክሰዋል፣ እከክ ይይዘዋል፣ ይርበዋል። ቱሪስቱ ግን ደበሎውን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ ፎቶው ያምራልና።

ያም ሆኖ በዚያ ልመና ውስጥ አንድ የማየው ነገር አለ። ቆሎ ተማሪው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የቤቱ እመቤት ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። የማን ልጅ እንደሆነ፣ እናቱ ትኑር ትሙት አትጠይቀውም። ታሪኩን ሳይናገር ይበላል። ቀኝ የሰጠችውን ግራ እንዳታውቅ የተባለው እንዲህ ያለውን ስጦታ ይመስለኛል። እንግዳችን ዘንድ ግን ልጁ የሚበላው ታሪኩን ከተናገረ፣ ከዚያም ደግሞ አሳዝኖ ከተናገረ ነው።

መበለት ማሳዋ ሲጠፋባት ጎጃም ጅጌ ይጠራል። ጎረቤት በሬውን ጠምዶ ይመጣል፣ ያርስላታል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ልጆቿን ከእሷ ወስዶ እኔ ላሳድግ የሚል የለም፤ ማሳው ከታረሰ ልጆቹን እሷው ታሳድጋለች። ለውጭ ዕርዳታም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መላ የለም። አንድን ልጅ ማሳደጊያ ውስጥ ለማኖር የሚወጣው የዘበኛ፣ የወጥ ቤት ሠራተኛ፣ የሥራ አስኪያጅና የመኪና ገንዘብ አያቱ እጅ ቢገባ ስንት ወር ያኖራል? ገንዘቡ በወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በኩል ይሁን፣ በእድሩ በኩል፣ በሰበካ ጉባኤው በኩል፣ እዚያው ይከራከሩበት። ሌብነት ይኖራል፤ ማሳደጊያውም ዘንድ አለ። አያት ዘንድ የገባ ገንዘብ ግን ፎቶ አይወጣውም፤ ችግሩ እሱ ነው። ሰጪው የሚያቅፈው ልጅ፣ የሚቆርጠው ሪባን፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ሥዕል አያገኝም። ስንቱ ደግነት እዚህ ላይ ተሰናክሎ ወደቀ!

አንዳንዱ «ዛሬ ማን ቢቸና ይሄዳል ብለህ ነው ይህን የምታወራው?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልሉ ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በዚያ መንገድ የጎብኚ ዘመን አይደለም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የክልሉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ አባት የቀበሩም ጥቂት አይደሉም። እኔንም አሁን ያጻፈኝ ይኸው ነው። ሰብሳቢ የሚመጣው ከመከራ በኋላ፣ መንገድ ሲከፈት ነው። ጃሪ የተቋቋመው ከረሃብ በኋላ ነው። የማደጎው ገበያ የደራው ከኤድስ ዘመን በኋላ ነው። ነገ ነገሩ ጋብ ሲል ከደጀን በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ባነር የለጠፉ መኪኖች ይግተለተላሉ። ሙያ የያዘ ሐኪም፣ መምህር፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይመጣል፤ እሰየው፤ ይምጣ፣ ይቆይ። ከኋላው ኬክና ካሜራ የያዘውም ይመጣል። ወረዳው፣ ደብሩ፣ መስጊዱና እድሩ ያኔ የትኛው ልጅ ማን ቤት እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ በእጃቸው ካለ ለሁለቱም የሚሉት ይኖራቸዋል። ከሌለ ሰብሳቢው የራሱን መዝገብ ይዞ ይመጣል።

አንድ የሞጣ ተወላጅ ወዳጅ አለኝ፤ ሃያ ምናምን ዓመት ውጭ አገር የኖረ። በእናቱ ስም ሞጣ ላይ ማሳደጊያ ሊሠራ ገንዘብ አጠራቅሟል። ፕላኑን ሁሉ አሠርቷል፤ አርባ አልጋ፣ መግቢያው ላይ የእናቱ ፎቶ። ኔትወርክ በተገኘ ቀን ለንስሐ አባቱ ደውሎ አበሠራቸው። መረቁት፣ መረቁትና፦

«ስንት ልጅ ነው ያልከኝ?» አሉት።

«አርባ ናቸው፣ አባ።»

«ከየት ልታመጣቸው ነው?»

«እዚያው ከሞጣ ነዋ! የሉም እንዴ?»

«መኖሩንማ አሉ። የአክስትህ የልጅ ልጆች ሁለቱ እንኳ አሉ፤ አባታቸው ካረፈ ወዲህ እሷው ዘንድ ናቸው። እነሱን ልትወስድባት ነው?»

«ኧረ አባ! እነሱንስ ለአክስቴ እየላክሁላት ታሳድጋቸዋለች እንጂ!»

«እንግዲያ ሠላሳ ስምንቱም አክስት አላቸው እኮ፣ ልጄ» አሉት።

ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር፤ ፕላኑን ግን ገና አልቀደደውም። አባ የልጆቹንና የአሳዳጊዎቻቸውን ስም በወረቀት አስጽፈው፣ መንገድ ሲከፈት በሚመጣ ሰው ሊልኩለት ቃል ገብተዋል።